ጀርባዋን ሰጥታ የተማረችው አህያ

አንድ ጊዜ እንስሳት ተስማምተው ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ትምህርት ቤት ከፈቱ። አትሳቁ፤ ሥርዓቱ ከብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የተሻለ ነበር። ርእሰ መምህሩ አያ አንበሶ ሲሆን ሕጉም አንድ ብቻ ነበር፦ «ከዋርካው ጀምሮ እስከ ወንዙ ዳር ድረስ ማንም ማንንም አይበላም።» ሕጉን ያወጣው ራሱ አያ አንበሶ ነው። ሁልጊዜ ቁርሱን በልቶ ስለሚመጣ ሕጉን ማክበር ብዙም አልከበደውም።

እመት ጦጢት ዛፍ መውጣት ታስተምራለች፤ እመት ቀበሮ ደግሞ መሰወር። ወንዝ መሻገር ያስተምር የነበረው ሽማግሌው ጉማሬ ነው። እሱ ግን በዚያ ዓመት ጡረታ ወጣና ወንዙ ውስጥ ገብቶ ተኛ። ቢጠሩት ቢጠሩት አረፋ ብቻ ይልካል።

ወንዝ መሻገር ደግሞ የዋዛ ትምህርት አልነበረም። ክረምት ሲገባ በዋርካው በኩል ያለው ሜዳ ረግረግ ይሆንና ሳሩም ምግቡም ማዶ ይቀራል። ትልልቆቹ በየፊናቸው ይሻገራሉ። ግልገሎቹ ግን የት እንደሚረገጥና መቼ እንደሚገባ ራሳቸው ካላወቁ ውሃ ይወስዳቸዋል። አንዲት ሁለት እናት ሳታለቅስ ያለፈ ክረምት አልነበረም።

ስለዚህ አያ አንበሶ እመት አህዪትን ቀጠረ። አመራረጡ ጥሩ ነበር። እመት አህዪት አሥራ አንድ ዓመት የነጋዴ አሞሌ ጨው ተሸክማ ያንን ወንዝ ስትመላለስ፣ አንድ ቀን እንኳ ጭነቷን አላረጠበችም። አሞሌ ውሃ ከነካው ሟሙቶ እንደሚያልቅ የምታውቁ፣ ይህ ምን ያህል ሙያ እንደሆነ ይገባችኋል።

የመጀመሪያ ቀን አራት ተማሪዎች ተሰጧት፤ የሚዳቋ ግልገል፣ የጥንቸል ልጅ፣ የጃርት ልጅና የከርከሮ ግልገል። እሷም «ልጆች፣ ተከተሉኝ!» አለችና ወንዙ ውስጥ ገባች። ልጆቹም ተከተሏት። በማግሥቱም እንዲሁ። በነጋዴ መንገድ ያደገ አህያ የሚያውቀው የመማሪያ ዘዴ አንድ ነው፤ አፍንጫን ከፊተኛው ጭራ ሥር አድርጎ መሄድ። እሷ ራሷ የተማረችው እንዲህ ስለሆነ እንዲሁ አስተማረች። አሥር ቀን ሙሉ ተመላለሱ፤ ከልጆቹ አንዱም አልወደቀም። «ማስተማር ለካ ቀላል ነው!» እያለች በደስታ ታናፋ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን አያ አንበሶ ሊጎበኝ መጣ።

«እመት አህዪት፣ አንቺ እዚህ ቁጭ በይ። ልጆቹ ብቻቸውን ይሻገሩ» አላት።

ልጆቹ ወንዙ ዳር ደርሰው ቆሙ። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ጭራው የታለ?» አለ የጥንቸሉ ልጅ።

የሚዳቋዋ ግልገል አፍራ ኖሮ ዘላ ገባች። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ እግሯ አዳለጣትና ውሃው ጠቅልሎ ወሰዳት። እመት አህዪት ተወርውራ ገብታ ጆሮዋን በጥርሷ ይዛ አወጣቻት። ሁለቱም ዳር ላይ ተንበርክከው ይንቀጠቀጡ ጀመር።

«አሥር ቀን ሙሉ ምን ተማራችሁ?» አለ አያ አንበሶ።

«የእትዬን ጭራ በደንብ አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ» አለች ሚዳቋዪቱ ጥርሷ እየተንገጫገጨ።

ይህን ጊዜ ከቁጥቋጦው ጀርባ አያ ጅቦ ብቅ አለ። ጥርሱን በሳር አጽድቶ ነው የመጣው።

«ጌታዬ፣ ክፍሉን ለእኔ ይስጡኝ። ያንን ወንዝ በየቀኑ ነው የምሻገረው። ልጅ ደግሞ ስወድ!»

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ግን በሚያውቁት አገር ነው ያስነጠፈው። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ሕጉ የሚያበቃው ወንዙ ዳር ነው። ማዶ ሕግ የለም። አያ አንበሶ ሕግ ማውጣት እንጂ ያወጣውን መለካት አይወድም። አያ ጅቦ ግን ሌላ ምንም ባያውቅ ይህችን አንዷን ያውቃል፤ ልጆቹን አሻግሮ ማዶ ሲያደርሳቸው በሆዱ አይቶታል።

አያ አንበሶ ጎፈሩን ነቀነቀና ፈረደ።

«እመት አህዪት፣ ስምንት ቀን ሰጥቼሻለሁ። በስምንተኛው ቀን ልጆቹ ብቻቸውን ካልተሻገሩ ክፍሉን አያ ጅቦ ይረከባል።»

እመት አህዪት ዋርካው ሥር ሄዳ ግንዱን ተደግፋ አለቀሰች። ያሳዘናት የእንጀራዋ ነገር አልነበረም፤ ያቺ የሚዳቋዪቱ ጆሮ በጥርሷ መሐል ስትንቀጠቀጥ የተሰማት ነው።

እመት ጦጢት ከላይ ሆና አየቻት።

«አንቺዬ፣ ምን ያስለቅስሻል? እኔስ ቢሆን ስጀምር ስንቱን ከዛፍ አራግፌዋለሁ። ነገ መጥተሽ ክፍሌን እዪ። በር የለውም፤ ዛፍ ነው።»

በማግሥቱ እመት አህዪት ማልዳ ሄዳ ከዛፉ ሥር ቆመች። እመት ጦጢት ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ተወረወረች፤ በአንድ እጇ ተንጠለጠለች፤ በጭራዋ ተገለበጠች። የእመት አህዪት አፍ እንደተከፈተ ቀረ። «አሃ! ለካ ቀልጠፍ ማለት ነው የጎደለኝ!» አለችና ነገ እስኪደርስ ቸኮለች።

ሲነጋ በተማሪዎቿ ፊት ወንዙ ውስጥ ካለው ድንጋይ ወደ ድንጋይ ዘለለች። የመጀመሪያውን ደረሰችበት። ሁለተኛውን ግን ስታው ጭቃ ውስጥ በሆዷ አረፈች። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ የጃርቱ ልጅ ሲንፈራፈር ወስፌው የከርከሮው ግልገል ጎን ላይ ተሰካና ሳቁ በለቅሶ አበቃ። እሾህ ሲነቀል ዋለ። ሁለት ቀን እንዲህ ባከነ።

አያ ጅቦም አልተኛም። «እኔም ክፍል ልታዘብ» እያለ በየአስተማሪው ክፍል ከኋላ መቀመጥ ጀምሮ ነበር።

«ታዲያ ምን ታዘብክ?» አለው አያ አንበሶ።

«የከርከሮው ግልገል ከሁሉም ሞላ ያለ ነው» አለ ምራቁን እየዋጠ፤ ቀጥሎም «በእውቀት ማለቴ ነው፣ ጌታዬ።»

ያን ዕለት ከሰዓት እመት ቀበሮ ጭቃዋን የምታጥበውን አህያ አገኘቻት። እመት ቀበሮ ያለ ምክንያት ከማንም ጋር አትቆምም።

«ጦጢት ክፍል ገብተሽ ነበር አሉ። ምን አየሽ?»

«እትዬ፣ ጉድ ነው ያየሁት! ስትዘል፣ ስትገለበጥ፣ በአንድ እጇ ስትንጠለጠል…»

«ተማሪዎቿስ ምን ያደርጉ ነበር?»

እመት አህዪት ጎንበስ ብላ ጭቃዋን ማጠቧን ቀጠለች።

«ያን ሁሉ ሰዓት ቆመሽ አንድ ተማሪ አላየሽም?»

«እኔማ ከአስተማሪዋ ልማር ብዬ…»

«የጦጢትን ጭራ ነዋ ስታዪ የዋልሽው! ልጆቹ ያንቺን እንዳዩት» አለች እመት ቀበሮ። «በይ ነገ የእኔ ክፍል ትመጫለሽ። ግን ቃል ግቢልኝ። ጀርባሽን ለእኔ፣ ፊትሽን ለልጆቹ ሰጥተሽ ነው የምትቆሚው። አንዴ ዞር ብለሽ ካየሽኝ ትምህርቱን አቋርጣለሁ።»

«እሺ፤ ግን እትዬ፣ ለእኔ ይህን ያህል የሚደክሙት ለምንድን ነው?»

«ሕጉ የት ድረስ ነው?»

«እስከ ወንዙ ዳር።»

«አያ ጅቦ ልጆቹን ይዞ የሚሄደውስ ወዴት ነው?»

እመት አህዪት ጮኸች። «ወይኔ ልጆቼን! ለአያ አንበሶ ይንገሩልኛ!»

«አንበሳን ‹ሕግህ ቀዳዳ አለው› ብሎ በሰላም የተመለሰ አላየሁም። አንቺ ክፍልሽን አድኚ። የሕጉን ነገር ለእኔ ተዪው።»

በማግሥቱ እመት አህዪት ቂጧን ለአስተማሪዋ አዙራ ቆመች። ነውር መስሎ ተሰምቷት ጆሮዋ ሁሉ ግሎ ነበር። ከኋላዋ የእመት ቀበሮ ድምፅ ብቻ ይመጣል፤ ከፊቷ የተማሪዎቹ ፊት አለ።

«ሂዱና ተሰወሩ» አለች ድምጿ። ከዚያ በኋላ ዝም።

ያ ዝምታ ረዘመ። እመት አህዪት «ምነው ዝም አለች? የት እንደሚሰወሩ አትነግራቸውም እንዴ?» ብላ ዞር ልትል ምንም አልቀራት። ግን ቃል ገብታለችና ልጆቹን አየች። የቀበሮ ግልገሎች መጀመሪያ ግራ ገባቸው። አንዷ አፈር ጫረች። ሌላው ሣሩ ወደየት እንደሚተኛ ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ነፋሱን አሸተተ፤ ከዚያ ሮጠ። ስታየው ሲያስብ ታየዋለች! አሳቡ ጆሮው ላይ ተጀምሮ እግሩ ላይ ሲደርስ እመት አህዪት ቆማ አየችው።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እመት ቀበሮ አንዷን አገኘቻት። አልተቆጣችም፤ «እንዲህ አድርጊ» ብላም አልነገረቻትም።

«እንዴት አገኘሁሽ?»

ዝም። አሁንም ዝም። ግልገሏ ጆሮዋን ጣለች፤ አነሣች፤ ፊቷ በራ። «ነፋሱ ከኋላዬ ነበር! ጠረኔን ይዞብኝ መጥቶ ነው!»

«በይ እንደገና ሂጂ።»

እመት አህዪት እዚያው እንደቆመች እንባዋ መጣ። አሥር ቀን ሙሉ የራሷን ተማሪዎች ፊት አንድ ጊዜ እንኳ አይታ አታውቅም ነበር። ሁልጊዜ ከፊት ነበረቻ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እመት ጦጢት ዛፍ ተመለሰች። በዚህ ጊዜ ዝላዩን አላየችም፤ ለነገሩ ዝላዩም ጠዋት አንዴ ታይቶ ያለቀ ነበር። ከዚያ በኋላ እመት ጦጢት ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። አንዲት ደካማ ግልገል ከላይ ስትንጠላጠል፣ የእመት ጦጢት አንድ እጅ ከሥሯ ተዘርግቶ ይከተላታል። አይነካትም፤ ግን ከሥሯ አይጠፋም። ግልገሏ እጁን አላየችውም። እመት አህዪት አየችው።

«እትዬ ጦጢት፣ ይህ እጅ ከትናንት በስቲያም ነበር?»

«ሃያ ዓመት እዚያው ነው» አለች እመት ጦጢት ዓይኗን ከግልገሏ ሳታነሣ።

አራት ቀን ቀረ። እመት አህዪት ተማሪዎቿን ወንዙ ዳር ሰበሰበች። «ዛሬ እኔ ከኋላ ነኝ» አለቻቸው። ጦጣ እጅ አላት፤ አህያ የላትም። ስለዚህ ውሃው ውስጥ ገብታ ከልጆቹ በታች፣ ውሃው በሚወርድበት በኩል፣ በጎኗ ቆመች። ማንም ቢያዳልጠው ከሰፊ ሆዷ ጋር ነው የሚላተመው። ከዚያ ጠየቀቻቸው፦

«የመጀመሪያው ድንጋይ ከእግራችሁ ሥር ምን ይላል?»

ዝም ማለት ለአህያ እንዴት ከባድ እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ማናፋቱ ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል፤ ትውጠዋለች። መልሱን ታውቀዋለች፤ ትውጠዋለች። የከርከሮው ግልገል ሁለቴ ከሆዷ ጋር ተላተመ፤ የጥንቸሉ ልጅ አንዴ። ከዚያ ሚዳቋዪቱ ቀስ ብላ፣ «አይነቃነቅም፤ ሻካራ ነው። ሁለተኛው ግን ሙልጭልጭ ያለ ነው፤ ያን ዕለት የጣለኝ እሱ ነው» አለች። የጃርቱ ልጅ ደግሞ፣ «ውሃው ጠጠር ላይ ሲሄድ ያወራል፤ ጥልቅ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል» አለ።

እመት አህዪት ደነገጠች። አሥራ አንድ ዓመት እግሯ የሚያውቀውን፣ እሷ ግን አንድም ቀን በቃል ብላው የማታውቀውን ነገር ይህ የጃርት ልጅ ተናገረው።

ስምንተኛው ቀን ደረሰ። እንስሳቱ ሁሉ ወንዙ ዳር ተሰበሰቡ። እናቶቹ ከፊት ናቸው። አያ ጅቦ ጥርሱን እንደገና አጽድቶ ከአያ አንበሶ ጎን ተቀምጧል።

«ይሻገሩ!» አለ አያ አንበሶ።

ሚዳቋዪቱ ቀድማ ወረደች። የፊት እግሯን መጀመሪያው ድንጋይ ላይ አሳረፈችና ቆመች። ረጅም ጊዜ ቆመች። የጥንቸሉ ልጅ ጆሮውን ቀሰረ። የጃርቱ ልጅ ወደ ላይኛው ወንዝ አየ። አራቱም ራስ ለራስ ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ።

«ጌታዬ፣ ዛሬ አንሻገርም» አለች ሚዳቋዪቱ።

«ምን አልሽ?»

«ዛሬ አንሻገርም።»

ጉድ ፈላ። እናቶቹ አጉረመረሙ። አያ ጅቦ ከደስታው ብዛት ምራቁ መሬት ነካ። እመት አህዪት አንገቷን ወደ ልጆቹ ሰገገች። ‹ልጄ፣ እባክሽ አንድ እርምጃ ብቻ! ካልገባሽ እኮ ለሱ ነው የሚሰጡሽ!› ብላ ልትጮህ ነበር። ግን የልጆቹን ፊት አየች። የፈራ ፊት አይደለም፤ የሚያስብ ፊት ነው። ያን ፊት በእመት ቀበሮ ክፍል አይታዋለች። አፏን ዘጋች። በሕይወቷ ከተሸከመችው ሁሉ ያ ዝምታ ከበዳት።

«አላልኩም?» ብሎ ዘሎ ተነሣ አያ ጅቦ። «ከአህያ የተማረ እንዲህ ነው! ወንዝ የሚሻገሩት እንደዚህ ነው፤ እዩኝ!»

ገባ። አንድ ረገጠ፤ ሁለት ረገጠ፤ ሦስተኛውን የረገጠው የለም። ውሃው አዙሮ አዙሮ ወስዶ ታች ካለው መታጠፊያ ላይ፣ በዚሁ በኩል፣ አንድ የዛፍ ሥር አስጨብጦ ተወው። ጭቃ ለብሶ፣ አንድ ዓሣ ጆሮው ውስጥ ይዞ እየተንገዳገደ መጣ።

እመት ቀበሮ በታላቅ ርኅራኄ ቀረበችው።

«አይዞህ አያ ጅቦ። ውይ፣ ምን የመሰለ ነገር ነው ውሃ ያስቀረብህ?»

«አራት ቁርስ ነዋ!» አለ አያ ጅቦ በብስጭት። «ማዶ ሕግ የለ፣ ከልካይ የለ! በስምንተኛው ቀን እረከባቸዋለሁ ብዬ ሳልበላ የሰነበትኩት…»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የአያ ጅቦን ግን ውሃ አወጣው። አያ አንበሶ አገሣ። ዋርካው ላይ የነበሩ ወፎች በሙሉ ተነሡ። «ከዛሬ ጀምሮ ሕጉ ማዶንም ይይዛል! አንተ ደግሞ በልጆች አካባቢ እንዳላይህ!» አያ ጅቦም ዓሣውን ከጆሮው አውጥቶ እያኘከ ሄደ፤ ባዶ ሆዱን ሄደ እንዳይባል ነው።

አያ አንበሶ ወደ ሚዳቋዪቱ ዞረ።

«ውሃው ብዙም የሞላ አይመስልም ነበር። እንዴት አወቃችሁ?»

«ድንጋዩ ከእግሬ ሥር ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚህ ጋ ውሃው ትናንት ያወራ ነበር፤ ዛሬ ዝም ብሏል። ከላይ ደግሞ እርጥብ ቅጠል ከነቅርንጫፉ እየመጣ ነው፤ እዚያ ዘንቧል ማለት ነው።»

«ይህን ማን ነገራችሁ?»

«ማንም አልነገረንም» አለች ሚዳቋዪቱ ቀና ብላ። «እኛው ነን ያወቅነው።»

እመት አህዪት ይህን ስትሰማ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በዚያ ቀን ከተነገረው ሁሉ እንደዚያ ቃል ደስ ያሰኛት የለም።

«ታዲያ አንቺ ምን ሠራሽ?» አላት አያ አንበሶ ግራ ገብቶት።

«ከኋላቸው ቆሜ ዝም አልኩ፣ ጌታዬ።»

አያ አንበሶ ብዙ አሰበበት። ለሚያገሣ ፍጡር ይህ ቶሎ የሚገባ ሥራ አይደለም። በመጨረሻ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣት።

ከሦስት ቀን በኋላ ውሃው ጎደለ። አራቱ ልጆች ፈትሸው፣ ተመካክረው፣ ማንም ሳይመራቸው ተሻገሩ። በዚያ ክረምት አንዲትም እናት አላለቀሰችም።

አያ አንበሶ ለእመት አህዪት አንድ ጆንያ ገብስ ሸለማት። ከየት እንዳመጣው አይጠየቅም። እሷም ጆንያውን ተሸክማ በቀጥታ ወደ እመት ጦጢት ዛፍ ሄደች፤ ግማሹን እዚያ አፈሰሰች።

«ኧረ ምን አደረግኩልሽና?» አለች እመት ጦጢት። «እኔ የራሴን ትምህርት ነው ያስተማርኩት።»

«አዎ፣ እያየሁዎት አስተማሩ። የማያውቅ ሰው ከሥርዎ ቆሞ ሲያፈጥብዎ ክፍልዎን አልዘጉብኝም። እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ። ያችን እጅዎን ባላይ ኖሮ የማን ልጅ ይቀር ነበር?»

ቀጥላ ከዋርካው ጀርባ፣ ሕጉ በማይደርስበት ቦታ ወዳለው የእመት ቀበሮ ጉድጓድ ሄደች።

«እኔ እንኳ ገብስ አልበላም» አለች እመት ቀበሮ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ። ደጅዎ ላይ ልበትነው ነው። አይጥ ይመጣል።»

እመት ቀበሮ አተኩራ አየቻት። ከዚያ ሳቀች፤ ተንኮል የሌለበት ሳቅ። «አሁንስ እኔንም አየሽኝ!» አለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ከሌላው ክፍል ገብቶ ሙያ ሊቀስም የፈለገ ሰው ከአስተማሪው ይልቅ የተማሪውን ፊት ቢያይ ብዙ እንደሚያገኝ፣ ሲያገኝም ሳይሰስት ያሳየውን ባልደረባ ደጁ ድረስ ሄዶ ማመስገን እንደሚገባው ነው።